የጥሬ ቡና ካፌይንና ክሎሮጀኒክ አሲድ፦ ኮለም ከመግዛትዎ በፊት የናሙናውን አዘገጃጀት ይቀይሩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የድኅረ ምረቃ ጥናቴ በሲዳማ የታጠበ ጥሬ ቡና ላይ ሲሆን ካፌይንና ክሎሮጀኒክ አሲድ በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ኮለም በሚባል የታጨቀ ቱቦ ውስጥ በፈሳሽ ግፊት እያሳለፈ በሚለይ መሣሪያ) እለካለሁ። 2 ግራም የተፈጨ ጥሬ ቡና በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ለ10 ደቂቃ አፈላለሁ፤ ሶዲየም ካርቦኔት ጨምሬ ካፌይኑን በዳይክሎሮሜቴን ሦስት ጊዜ አወጣለሁ፤ ዳይክሎሮሜቴኑን አትንኜ የቀረውን በሜታኖል አሟሟለሁ። የተረፈውን ውሃ ለክሎሮጀኒክ አሲዱ እጠቀምበታለሁ። ሁለቱንም በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት አጣርቼ 20 ማይክሮ ሊትር አስገባለሁ። ከአንድ ከረጢት የወጣ ቡና አንዴ 0.7፣ አንዴ 1.3 ከመቶ ካፌይን ይሰጠኛል። የክሎሮጀኒክ አሲዱ ፒክ (በመሣሪያው ሥዕል ላይ የሚወጣው ጉብታ) ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። የካፌይኑ ፒክ ትከሻ አውጥቷል፤ ግፊቱም ከ140 ባር ተነሥቶ 280 ገብቷል። አማካሪዬ ኮለሙ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ ይላሉ። ትክክል ናቸው?

ምላሽ፦ አዲስ ኮለም አይግዙ። ናሙናውን በዚሁ መንገድ ማዘጋጀትዎን ከቀጠሉ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እዚያው ይደርሳል። የዘረዘሯቸው አራት ችግሮች ሁሉም ናሙናው ቫያል ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተፈጠሩ ናቸው። ኮለም አፍ ስለሌለው ነው መሰለኝ በየላቦራቶሪው መጀመሪያ የሚከሰሰው እሱ ነው። ደህና መሆኑን ለማወቅ ንጹሕ የካፌይን ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) በራሱ በሞባይል ፌዙ፣ ማለትም ናሙናውን በኮለሙ ውስጥ በሚገፋው ፈሳሽ፣ አሟሙተው 5 ማይክሮ ሊትር ያስገቡ። አንድና ቀጥ ያለ ፒክ ካገኙ ኮለሙ ይሠራል ማለት ነው። ቀጥለው ትከሻ ያወጣውን ናሙና ከ20 ወደ 5 ማይክሮ ሊትር ቀንሰው ያስገቡ፤ ትከሻው ከጠፋ ወይም በግልጽ ካነሰ ጥፋቱ ናሙናው የተሟሟበት ፈሳሽ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ግን የተረፈውን ውሃ ለክሎሮጀኒክ አሲድ መጠቀምዎ ነው። ሶዲየም ካርቦኔት የተጨመረው የአሲድነት ባሕርይ ያላቸው ውህዶች ወደ ዳይክሎሮሜቴኑ እንዳይሻገሩና በውሃው ውስጥ እንዲቀሩ ነው። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ካርቦኔት ውሃውን ወደ ፒኤች 10 እና ከዚያ በላይ ይወስደዋል፤ ክሎሮጀኒክ አሲድ ደግሞ በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ አየር ካገኘው በደቂቃዎች ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ውሃው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቡናማ ሲያደላ አይተው ከሆነ ያዩት ሊለኩት የፈለጉት ነገር ሲጠፋ ነው። ከጥፋት የተረፈውም እንዳለ አይቆይም፦ ክሎሮጀኒክ አሲድ የካፌይክና የኩዊኒክ አሲድ ጥምር ነውና የካፌይክ አሲዱ ክፍል በኩዊኒክ አሲዱ ቀለበት ላይ ቦታ እየቀየረ ወደ ኒዮክሎሮጀኒክና ወደ ክሪፕቶክሎሮጀኒክ አሲድ ይለወጣል። ጠዋትና ማታ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

ከሁለቱ ለውጦች የትኛው እንደደረሰብዎት ከክሮማቶግራሙ ይነበባል። በ325 ናኖሜትር ሦስቱንም ፒኮች ይደምሩ። ዋናው ፒክ ሲያንስ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ከፍ ብለው ድምሩ ብዙም ካልተነቃነቀ ጉዳዩ የአይሶመር (የአንድ ውህድ ልዩ ልዩ ቅርጽ) ለውጥ ነው። ድምሩ ራሱ ከወረደ ኦክሲዴሽን (በአየሩ ኦክስጅን መበላሸት) አለ። በካርቦኔት በተሠራ ናሙና ሁለቱም አብረው ይታያሉ።

ይህ በካርቦኔት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የካፌይን መለኪያ የሆነው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 20481 ቡናውን በ90 ዲግሪ ውሃ ከማግኒዥየም ኦክሳይድ ጋር ያዘጋጃል። ለካፌይን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ካፌይን ሙቀቱንም የማግኒዥየም ኦክሳይዱን ቤዝነትም ይችላል። ከዚያው ፈሳሽ ላይ ክሎሮጀኒክ አሲድ አብሮ ማንበብ ግን አይቻልም። አንዱን ዘዴ ለሁለቱም አዋጥቶ ለመጠቀም የሚሞክር ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ደግሜ የማነሳው።

ወደ ዳይክሎሮሜቴኑ እንሂድ። የካፌይንዎ ውጤት ከ0.7 እስከ 1.3 የሚዋዥቅበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነው። የፈላ የጥሬ ቡና ውሃ ፕሮቲንና ፖሊሳካራይድ ተሸክሟል፤ ከዳይክሎሮሜቴን ጋር በኃይል ሲናጥ በመካከል የማይለይ አረፋማ ንብርብር ይሠራል። ካፌይኑ እዚያ ንብርብር ውስጥ ይያዛል። አንድ ቀን ንብርብሩን ከታችኛው ፈሳሽ ጋር ያወርዱታል፣ ሌላ ቀን ከላይኛው ጋር ይተዉታል፤ ልዩነቱ በቀጥታ ውጤቱ ላይ ይወጣል። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል 40 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ዳይክሎሮሜቴንም እዚህ ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። ከማፍያው ላይ የወረደ ውሃ በደንብ ሳይቀዘቅዝ መለያው ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ግፊቱ ክዳኑን ገፍቶ ናሙናውን ይረጫል። በዚያ ላይ መርዛማ ነው። እርስዎ ለሚፈልጉት መጠን ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም፦ ካፌይን በጥሬ አረቢካ ቡና ውስጥ ከ1 ከመቶ ብዙም የማይርቅ፣ በኤችፒኤልሲ ዓይን በጣም ብዙ የሆነ ነገር ነው። ማጎልበት ሳይሆን ማቅጠን ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ካርቦኔቱንም ዳይክሎሮሜቴኑንም ይተዉ፤ ሁለቱንም ውህዶች በአንድ ጊዜ በ70 ከመቶ ሜታኖል አውጥተው በአሲድ ውሃ ያቅጥኑ።

ሥራው የሚጀምረው ከመፍጨቱ ነው። ጥሬ ቡና እንደ ተቆላው ቡና ተሰባሪ አይደለም። ሙቀጫ ውስጥ ይሸሻል፣ ይላጣል እንጂ አይደቅም፤ የቤት መፍጫ ደግሞ ያሞቀዋል። ከከረጢቱ ልዩ ልዩ ቦታ የተወሰደ 100 ግራም ያህል ፍሬ በግምት ሳይሆን በሩብ በሩብ እየከፈሉ ወደ 50 ግራም ያውርዱ፤ በደንብ በተዘጋ ዕቃ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት ከፍሪዘር እንደወጣ በ10 በ10 ሰከንድ እያሳረፉ ይፍጩት፤ በ0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያሳልፉት። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ሻካራ አይጣሉ፤ መልሰው ፈጭተው ሁሉንም ያሳልፉ። የቀረው ጠንካራው የፍሬው ክፍል ነው፤ ሲጣል የሚለኩት ሌላ ቡና ይሆናል። የሚወጣውን ዱቄት በምድጃ አያድርቁ። እርጥበቱን ለማወቅ ለብቻው 5 ግራም ያህል መዝነው በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ያድርቁና የክብደቱን ቅናሽ ይመዝግቡ፤ ለኤክስትራክሽን (ውህዶቹን ለማውጣት) የሚውለው ግን ያልደረቀው ነው።

አሟሚውን ሲያዘጋጁ 700 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ለየብቻ ለክተው ያቀላቅሉ። ሜታኖሉን ፍላስክ ውስጥ አድርጎ እስከ 1 ሊትር መስመር ውሃ መሙላት ሌላ መጠን ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይሞቃሉ፣ መጠናቸውም ይቀንሳል። ቀዝቅዞ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ። ለምን 70 ከመቶ? ንጹሕ ሜታኖል የዱቄቱን ሕዋስ ስለማያረጥበው ውስጡ ያለውን በሙሉ አያወጣም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የቡናውን ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ ኢንዛይም ሳይገድል ይተወዋል፤ ክሎሮጀኒክ አሲዱን ኢንዛይሙ ራሱ ይበላዋል። ሙቅ ውሃ ኢንዛይሙን ቢገድልም አይሶመሮቹን ያዘዋውራል፣ ኮለም የሚደፍነውን ፖሊሳካራይድም ጎትቶ ያወጣል። 70 ከመቶ ሜታኖል ሕዋሱን ያረጥባል፣ ኢንዛይሙን ያቆማል፣ አብዛኛውን ፖሊሳካራይድ ባለበት ይተወዋል።

0.500 ግራም ዱቄት ክዳን ባለው 50 ሚሊ ሊትር የሴንትሪፊውጅ ቱቦ ውስጥ ይመዝኑ። 20 ሚሊ ሊትር አሟሚ ይጨምሩ፤ ዱቄቱ ከታች ተጣብቆ እንዳይቀር ያናውጡት፤ በአልትራሳውንድ ገንዳ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ገንዳው ሲሠራ እየሞቀ ይሄዳልና ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩበት። አንዳንድ ጽሑፎች 60 ዲግሪ ይላሉ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ንጹሕ ሜታኖል የሚፈላው እዚያው 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ክዳኑ ትንሽ የላላ ቱቦ ሜታኖሉን እያጣ አሟሚው 70 ከመቶ መሆኑ ይቀራል። በ4,000 ዙር በደቂቃ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ አድርገው የላዩን የጠራ ፈሳሽ በ50 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ይቅዱ። ዝቃጩ ላይ ሌላ 20 ሚሊ ሊትር ጨምረው ይድገሙት። በመጨረሻ በ8 ሚሊ ሊትር አሟሚ ዝቃጩን አጥበው፣ ሴንትሪፊውጅ አድርገው ወደ ፍላስኩ ይጨምሩና እስከ መስመሩ ይሙሉ።

ሁለት ዙር መብቃቱን በግምት አይቀበሉ። ዘዴውን ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ዝቃጩን ለሦስተኛ ጊዜ በ20 ሚሊ ሊትር አውጥተው ለብቻው ያስገቡት። በሦስተኛው የተገኘው ከጠቅላላው ከ2 ከመቶ በታች ከሆነ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ከዚያ ከበለጠ ዱቄቱ ሻካራ ነው ወይም መናወጡ አንሷል፤ የሚስተካከለውም እዚያው ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ወደ ሆነበት ደረጃ ደርሰናል። ከ50 ሚሊ ሊትሩ 2 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወስደው በ10 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ 0.1 ከመቶ ፎርሚክ አሲድ ባለው ውሃ እስከ መስመሩ ይሙሉ። ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ አይደንግጡ። ሜታኖሉ ይዞት የነበረው የቡናው ሰምና ቅባት ውሃ ሲበዛበት ይለያል። ለ10 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ያጣሩ። ብዙዎች መጀመሪያ አጣርተው ቀጥለው ያቀጥናሉ። ያን ጊዜ ድፍርሱ የሚፈጠረው ቫያሉ ውስጥ ይሆናል፤ ቫያሉ ውስጥ ካልተፈጠረም ኮለሙ አፍ ላይ ይፈጠራል። መቅጠን ይቅደም፣ ማጣራት ይከተል።

ዋትማን ቁጥር 1 የሚይዘው 11 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። የ5 ማይክሮ ሜትር ኮለም መግቢያ ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳው 2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደቃቅ ሁሉ ወረቀቱን አልፎ ኮለሙ ላይ ይሰበሰባል፤ ግፊትዎ እጥፍ የሆነው ለዚህ ነው። 0.45 ማይክሮ ሜትር የሲሪንጅ ማጣሪያ ይጠቀሙ፤ ካለዎት 0.22 ይሻላል። የተሠራበት ነገርም ይለያል፦ ናይለን ፖሊፌኖሎችን ስለሚይዝ ለክሎሮጀኒክ አሲድ አይሆንም። ሪጀነሬትድ ሴሉሎስ ወይም ሃይድሮፊሊክ ፒቲኤፍኢ ይምረጡ። የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሊትር ይድፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቫያል ውስጥ ይቅዱ። የገዙት ማጣሪያ ምን እንደሆነ ካልተጻፈበት ስታንዳርዱን ግማሹን አጣርተው፣ ግማሹን ሳያጣሩ ያስገቡ፤ ከ2 ከመቶ በላይ ከተለያዩ ማጣሪያው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማቅጠኑ ትከሻውንም ያስወግደዋል። እርስዎ በንጹሕ ሜታኖል የተሟሟ 20 ማይክሮ ሊትር በአብዛኛው ውሃ ወደ ሆነ ሞባይል ፌዝ ሲያስገቡ ከፊሉ ካፌይን ከሜታኖሉ ጋር ኮለሙን ሳይነካ ወደፊት ይሮጣል፤ ከፊሉ ኮለሙ ላይ ይያዛል። ሁለት ቦታ የቆመ አንድ ውህድ ትከሻ ያለው ፒክ ይሰጣል። አምስት እጥፍ የቀጠነው ናሙና ግን ሜታኖሉ 14 ከመቶ ብቻ ነው። በሲ18 ኮለም፣ 0.1 ከመቶ ፎርሚክ አሲድ ባለው ውሃ ውስጥ ሜታኖሉን ከ15 ከመቶ ጀምረው በ20 ደቂቃ ወደ 40 ቢያደርሱት ናሙናውና መነሻው ሞባይል ፌዝ ይመጣጠናሉ። ከዚያ በ90 ከመቶ ሜታኖል ለ5 ደቂቃ ኮለሙን አጥበው ወደ 15 ይመልሱትና ቀጣዩን ናሙና ከማስገባትዎ በፊት 10 ደቂቃ ያሳርፉት። 10 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ካፌይንን በ273፣ ክሎሮጀኒክ አሲድን በ325 ናኖሜትር ያንብቡ። ዲቴክተርዎ በአንድ ጊዜ አንድ ሞገድ ብቻ የሚያነብ ከሆነ በሰዓት ፕሮግራም ያቀያይሩት፤ ያም ካልሆነ ናሙናውን ሁለት ጊዜ ያስገቡ። ካፌይኑ ቦታው ላይ ቆሞ የክሎሮጀኒክ አሲዱ ፒኮች ብቻ ከወዲህ ወዲያ ከሄዱ የሞባይል ፌዙን አሲድ ይፈትሹ፤ ካፌይን ለዚያ ግድ የለውም፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ ግን አለው። ሁለቱ አብረው ከተንሸራተቱ ፓምፑን ወይም የኮለሙን ሙቀት ይመልከቱ።

ፎርሚክ አሲድን ከፎስፌት በፈር (ፒኤች ከሚጠብቅ የጨው ፈሳሽ) የምመርጠው ለመብራቱም ብዬ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የፎስፌት ጨው ከሜታኖል ጋር ኮለሙ ውስጥ ሲተኛ ሊረጋ ይችላል። ፎርሚክ አሲድ የሚረጋ ነገር የለውም። የአሲዱን ውሃም በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ። ትናንት የተረፈውን ጠርሙስ ላይ ዛሬ አይደርቡበት፤ ውሃ የበዛበት ሞባይል ፌዝ በሐዋሳ ሙቀት ባክቴሪያና አልጌ ሊያበቅል ይችላል፣ እሱም ግፊት ይጨምራል።

አሁን ላለው የ280 ባር ግፊት መጀመሪያ ኮለሙን ፈትተው ቱቦዎቹን በማገናኛ ያያይዙ። ያለ ኮለም ግፊቱ ከፍ ብሎ ከቆየ የተደፈነው ቱቦ ወይም የመርፌው መንገድ ነው። ከወረደ ኮለሙ ነው፤ አምራቹ መገልበጥን የሚፈቅድ ከሆነ ገልብጠው፣ ከዲቴክተሩ ነጥለው፣ በ0.5 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ለግማሽ ሰዓት ወደ ማጠራቀሚያ ያጥቡት። በፈር ሲጠቀሙ ከነበረ ማጠቡን በ10 ከመቶ ሜታኖል ይጀምሩ፤ በቀጥታ ወደ ንጹሕ ሜታኖል መዝለል ጨውን እዚያው ያረጋዋል። ከዚህ በኋላ የሚገዛ ነገር ካለ ጋርድ ኮለም (ከዋናው ኮለም ፊት የሚገጠም አጭር መከላከያ) ይሁን።

ስታንዳርድ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የካፌይኑ ጠርሙስ ሞኖሃይድሬት ከሆነ 8.5 ከመቶው ውሃ ነው፤ ሳያስቡት እንደ ደረቅ ከመዘኑት ውጤትዎ ሁሉ በ9 ከመቶ ገደማ ይጋነናል። የክሎሮጀኒክ አሲዶች ቁጥር አሰጣጥ ደግሞ በአሮጌውና በአዲሱ ሥርዓት ስለሚለያይ በስም አይግዙ፤ የካስ ቁጥሩ (የኬሚካሉ መለያ ቁጥር) 327-97-9 የሆነው ነው በቡና ውስጥ ዋናው። ስቶኩን (ወፍራሙን የስታንዳርድ ፈሳሽ) በሜታኖል አሟሙተው ብርሃን በማያገኘው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩት። የሚያስገቧቸውን ስታንዳርዶች እንደ ናሙናው በ14 ከመቶ ሜታኖልና በአሲድ ውሃ ያዘጋጁ፦ ካፌይን ከ5 እስከ 50፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ ከ10 እስከ 150 ሚሊ ግራም በሊትር።

ሪከቨሪ (የጨመሩት ካፌይን ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚገኝ) ሲሠሩ ካፌይኑን ኤክስትራክቱ ላይ አይጨምሩ፤ ያ የሚፈትነው ፒፔትዎን ብቻ ነው። በሜታኖል አሟሚው ከተዘጋጀ 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ስቶክ 1 ሚሊ ሊትር አሟሚ ገና ባልገባበት ዱቄት ላይ ጨምረው፣ ግማሽ ሰዓት አቆይተው፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ናሙና ያውጡት። ከ95 እስከ 105 ከመቶ ከመጣ ደህና ነው። ይህ ግን የሚነግርዎት በመንገድ ላይ የጠፋ ነገር አለመኖሩን ነው፤ ከላይ የፈሰሰ ካፌይን በሕዋስ ውስጥ እንዳለው አይያዝም። ውስጡ ያለው መውጣቱን የሚያሳየው ከላይ ያልኩት የሦስተኛ ዙር ሙከራ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። በመሣሪያው 24.6 ሚሊ ግራም በሊትር ካፌይን ካነበቡ፣ በ5 ሲባዛ 123፣ በ0.05 ሊትር ሲባዛ 6.15 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህ ከ0.500 ግራም የወጣ ስለሆነ 12.3 ሚሊ ግራም በግራም፣ ማለትም 1.23 ከመቶ ነው። እርጥበቱ 11 ከመቶ ከሆነ ለ0.89 ሲካፈል በደረቅ ክብደት 1.38 ከመቶ ይመጣል። የትኛውን እንደሚያቀርቡ ሠንጠረዡ ላይ ይጻፉ፤ በሁለት ጥናቶች መካከል የሚታየው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ አዘገጃጀት ለጥሬ ቡና ነው። ለተቆላ ቡና ኤክስትራክሽኑ ቢሠራም ክሎሮጀኒክ አሲዱ በመቆላት ስለሚቀንስና ጥቁር ቀለም የሚሰጡት ውህዶች የክሮማቶግራሙን መሠረት ስለሚያነሡ ማቅጠኑ እንደገና መሰላት አለበት። ትራይጎኔሊን የተባለውን ሌላ የቡና ውህድም በዚሁ ሩጫ አነባለሁ ብለው አይሞክሩ፤ በሲ18 ላይ ሳይያዝ ከፊት ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ስለሆነ በፊውም ሁድ ይሥሩ። ትርፍራፊውን፣ በተለይ እስካሁን ያጠራቀሙትን ዳይክሎሮሜቴን፣ በሲንክ አይድፉ፤ የሐዋሳ ሐይቅ ፈሳሽ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፣ የገባው እዚያው ይቀራል። ክሎሪን ያለውንና የሌለውን በተለያየ ጠርሙስ ጽፈውበት ያስቀምጡ።

እስካሁን የሰበሰቡትን መረጃ በተመለከተ፦ የክሎሮጀኒክ አሲዱን ቁጥሮች በሙሉ ይሰርዙ፣ በስሌት የሚታረሙ አይደሉም። የካፌይኑንም ለጥናቱ አይጠቀሙበት። ፍሬው እርጥበቱ ከ12 ከመቶ ሳያልፍ ተዘግቶ የቆየ ከሆነ ከዚያው ከረጢት እንደገና ይጀምሩ፤ በየናሙናው ሦስት ሦስት ጊዜ ለየብቻ መዝነው ያውጡ፣ ቫያሎቹን በ4 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ አቆይተው በ24 ሰዓት ውስጥ አስገብተው ይጨርሱ።